ከአውሮፕላን የወደቀው ጎተራ

ሳንቃው ከላዬ ተገጥሞ የአክስቴ ኮቴ ሲርቅ ነው መረሳቴ የገባኝ። ዛሬም እዚህ ሮቤ ከተማ፣ ልጄ ምድጃው ላይ ነጭ ጋዝ ስትጨምር ሽታውን ሸሽቼ ደጅ እወጣለሁ።

ያኔ ከጎባ በላይ ነበር የምንኖረው። አውሮፕላን መንደር በሚደበድብበት በጦርነቱ ጊዜ፣ አንድ የጦር አውሮፕላን ከክንፉ ሥር የሚንጠለጠለውን ጫፈ ሹል የነዳጅ በርሜሉን ገብሳችን ላይ ጥሎ ሄደ። ወታደር የነበረው ጎረቤታችን «አሜሪካ ሠርታ፣ ለኛ አየር ኃይል እንዲሆን አስተካክላ የሰጠችው ነው» አለን። አባቴ በርሜሉን ለሁለት አስቆርጦ፣ ሹል ጫፉን መሬት ቀብሮ ጎተራ አደረገው። «ድሮ ስንዴ ላከችልን፣ ዘንድሮ ማስቀመጫውን» እያለ ይስቅ ነበር። ብረቱ ግን ያብለጨልጫል። ከላይ እንዳይታይ ውጪውን በእበት ለቀለቅነው። አውሮፕላን በተሰማ ቁጥር አፉን በሳንቃ ገጥሞ ጭድ መነስነስ የአክስቴ ሥራ ነበር።

አዲስ ገብስ ከመግባቱ በፊት፣ ትንሿ እኔ ስለሆንኩ፣ በመቀነት አውርደውኝ ሥሩን እጠርግ ነበር። ያን ቀን አክስቴ ከላይ ሆና «ተኛሽ እንዴ አንቺ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ድንገት ሰማዩ ጮኸ። እጇ እንደለመደው ሳንቃውን ገጠመ፣ ጭዱን ነሰነሰ። እሷም ሮጠች።

ጨለመ። ግድግዳው ያዳልጣል፣ እግሮቼ ሹሉ ውስጥ ተቀርቅረዋል። ስንቴ ታጥቦ ያልለቀቀው የነዳጅ ሽታ አፈነኝ። አውሮፕላኑ ሲያልፍ ብረቱ የእናቱን ድምፅ እንደሰማ ጥጃ ተንቀጠቀጠ። ጮህኩ፤ ድምፄ ወደኔው ተመለሰ።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሁሉም አውሮፕላን ሲመጣ የምንሸሸግበት ገደል ሥር ሲሰበሰብ እናቴ «ትንሿስ?» አለች። አክስቴ እጆቿን አየች። እናቴ አውሮፕላኑ ገና እየዞረ ሜዳውን ብቻዋን አቋርጣ መጣች።

ሳንቃው ሲነሳ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። «አዮ» አልኳት፤ እናታችንን እንዲያ ነበር የምንጠራት። መቀነቷን ፈታ ጣለችልኝ።

«ያዢ ልጄ። ሰማዩን አትዪ፣ እኔን እዪ። ያ ረቢ፣ ጌታዬ አንተው አውጣልኝ።»

ገደሉ ሥር ስንደርስ አክስቴ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ደብቃ ተቀምጣለች። ማንም አልወቀሳትም። ከዚያ ወዲህ ግን እስከሞተችበት ቀን ድስት እንኳ ስትከድን አላየኋትም። እናቴም ዛሬ የለችም።

ያኔ ገደሉ ሥር አክስቴ አጠገብ ሄጄ ቁጭ አልኩ። አንዱን እጇን ከብብቷ አውጥቼ ያዝኩት፤ በረዶ ሆኖ ነበር።

«ወጥቻለሁ» አልኳት። «ደህና ነኝ።»