በዶዘሩ እጀታ ላይ ያሰመርኋት ነጭ መስመር

ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። ሰው «ቂም አትያዝ» ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እኔ ይዣለሁና።

ያን ጊዜ ቆጋ ላይ የመስኖ ቦይ አፈር በሚገፋ አሮጌ ባለሰንሰለት ዶዘር እሠራ ነበር። ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት ጋሽ ደሴ እንነዳዋለን። እሳቸው በሥራው ያረጁ ናቸው፤ ሞተር ሲጮህ ያልቃል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ የነዳጅ መስጫውን እጀታ ዝቅ አድርገው በሦስተኛ ማርሽ ይገፋሉ። ዶዘሩ እያቃሰተ ጥቁር ጭስ ይተፋል። እኔ በአንደኛ ማርሽ፣ እጀታውን ከፍ አድርጌ ነው የምገፋው። ሞተሩ ዝግ ሲል ማራገቢያውም ውሃ መግፊያውም አብረው ዝግ ይላሉ፤ ሸክም ሲበዛበት ይፈላል። ይህን ብነግራቸው «አንተ ልጅ፣ እኔን ልታስተምር!» ብለው ሳቁብኝ።

አንድ ቀን በእሳቸው ፈረቃ ፈላ፤ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተሰነጠቀ። ለአለቃችን ምን ቢሉት ጥሩ ነው?

«ይኼ ልጅ ጠዋት ሲያስጮኸው አርፍዶ ነው።»

አለቃው በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ግጥም እንደምጽፍ ያውቃል። «ግጥም የሚጽፍ ሰው የሞተር ድምፅ የት ይሰማል!» ብሎ አሰናበተኝ። ወሬው ቀድሞኝ ባሕር ዳር ገባ። ዓባይ ማዶ ያሉ ባለማሽኖች «ሞተር ገዳዩ» እያሉ መለሱኝ። የድንጋይ ጫኝና አውራጅ ሆንሁ።

በዓመቱ ድንጋይ ልናራግፍ ጣና ዳር ሄድን፤ ወደ ጀልባ መቆሚያው የሚወስድ መንገድ እየተሠራ ነበር። ያ ዶዘር ተጠግኖ እዚያ አለ። ጋሽ ደሴ ረግረጉ ውስጥ ነድተውት እስከ ሆዱ ሰምጧል። መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው በዝቅተኛ ነዳጅ ሞከሩ፤ ሞተሩ ጠፋ። ቀጥለው ደንግጠው እጀታውን እስከ መጨረሻው ሰጡት፤ ሰንሰለቱ በባዶ እየተሽከረከረ ጭቃውን ቆፈረ። የሐይቁ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይገባ ጀመር።

«ይኼን የሚያወጣ ሰው የለም?» ብሎ ጮኸ ያው የቆጋው አለቃችን።

«እኔ አወጣዋለሁ» አልሁ። «ግን አስቀድመው ጋሽ ደሴ ቆጋ ላይ ማን እንዳፈላው ይናገሩ።»

ውሃው ከፍ አለ። ጫኞቹ «ጋሼ፣ ይናገሩ እንጂ! ጣና ትዕግሥት የለውም!» እያሉ ሳቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ በለሆሳስ።

«ለአለቃው አልተሰማም።»

«በሦስተኛ ማርሽ ገፍቼ ያፈላሁት እኔ ነኝ! በቃህ?»

አልበቃኝም። ከሰንሰለቱ ሥር ግንድ አስገባሁ። በአንደኛ የኋላ ማርሽ፣ እጀታውን መሃል ላይ አድርጌ፣ ሰንሰለቱ ግንዱን ነክሶ እንዲወጣ እንጂ እንዳይሽከረከር ቀስ ብዬ አወጣሁት። ስወርድ ለጫኞቹ እንዲህ አልሁላቸው፦

ሞተሩ እንዳይጮህ ጉሮሮውን አንቆ፣
በሰው ላይ ይጮኻል ጥፋቱን ደባብቆ።

ዛሬም ድንጋይ ሲያነሡ እየተቀባበሉ ይሉታል።

አለቃው ወደ ሥራዬ መለሰኝ። አሁንም ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት ጋሽ ደሴ ነን። አፈር ሲገፋ እጀታው ሊቆም የሚገባው ቦታ ላይ በነጭ ቀለም አሰመርሁ። አለቃው ከዚያች መስመር ዝቅ እንዳያደርጉት አዘዛቸው። በየቀኑ ስንረካከብ ወዲያው አልሄድም፤ ቆሜ እጃቸውን አያለሁ። አንገታቸውን ደፍተው መስመሯ ላይ ያደርሱታል።

«ሽማግሌ ናቸው፣ ተዋቸው» የሚሉኝ አሉ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን ይቅርታ አላሉኝም። ቀለሙ ሲደበዝዝ እኔው አድሰዋለሁ።