አጭሯ እልልታ

የያዙኝ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ መሬት ጠይቄ ስወጣ ነው። የእስር ቤቱ የሴቶች ክፍል ጠባብ ነበረች፤ አንድ ትንሽ መስኮት፣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ፣ ጎን ለጎን የተነጠፉ ፍራሾች። ሌሊት ጥርሴን ነክሼ እያደርኩ ብዙም ሳልቆይ መንጋጋዬ ተቆለፈ። ጆሮዬ ሥር ይወጋኛል፤ አፌ ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም።

ከጎኔ የምትተኛው ወጣት አስተማሪ የኦቾሎ መንደር ልጅ ነበረች። ዘመዶቼ ከላንቴ የሚያመጡልኝን ሙዝ እየፈጨች በማንኪያ ታጎርሰኛለች።

በክፍላችን ልማድ ነበረን። የምትፈታ ሴት በእልልታ ትሸኛለች፤ የምትጀምረው በዕድሜ ትልቋ ናት። ትልቋ እኔ ነበርኩ። አስተማሪዋ እንደምትፈታ ሲነገር ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሌላ ሰው ይጀምር» አልኩ በጥርሴ መሃል።

«እማማ፣ እርስዎ ካልጀመሩ አልወጣም።»

«አንቺ ሞኝ! የተከፈተ በር ትተሽ?»

«እዚሁ ሙዝ እፈጫለሁ።»

በማግስቱ አንዲት ፖሊስ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ መቀደድ አያስፈልግም አለ። ጆሮዬ አጠገብ አደነዘዘና ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች ወደ መገጣጠሚያው አስገባ፤ ጨው ያለው ውሃ በአንዱ ገብቶ በሌላው እየወጣ አጠበው። ፖሊሷን ላብ አጠመቃት። ወንበር የመጣው ለእሷ ነው።

«ማዘር፣ እኔ ብሆን እሮጥ ነበር» አለችኝ ሲያልቅ።

«እኔማ እንዳልሮጥ አንቺ አለሽ።»

አፌ ሁለት ጣት ያህል ተከፈተ። «ጤነኛ አፍ ሦስት ጣት ያስገባል» አለ ሐኪሙ። «በየቀኑ ቀስ እያሉ ያለማምዱት።»

«እልልታስ?»

ሳቀ። «አጭሯን ይችላሉ።»

በምትፈታበት ዕለት ጠዋት ልጅቷ ልብሷን በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆመች። አልወጣችም። ተረኛው ጠባቂ «ዛሬ ጩኸት የለም!» ብሎን አልፏል። ተነሳሁ፤ ነጠላዬን አስተካከልኩና ጀመርኩ። እልልታዬ ቀጭን ነበረች፤ መሃል ላይ መንጋጋዬ ቀጭ አለ፤ ግን ወጣች። ሌሎቹ ተቀበሉኝ።

«ማን ነው የሚጮኸው?» አለ ተረኛው ከግቢው።

«ሐኪም ያዘዘላቸው ነው» አለች ያቺ ፖሊስ። «እኔው ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ልጅቷ እየሳቀች ወጣች።

እኔም ተፈትቼ ቤቴ ከገባሁ ቆየሁ። መንጋጋዬ ብርድ ሲሆን ትንሽ ያስታውሰኛል፤ ሌላ ችግር የለበትም። ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ ደውላ ልታገባ መሆኑን ነገረችኝ።

«እማማ፣ አጭሯን አልቀበልም» አለች።

ስልኩን ዘግቼ ሦስት ጣቴን ወደ አፌ አስገባሁ። ገቡ።