ወደ ቤቱ የተመለሰው በሶ

የበሶ ሽታ ከመቀመጫዎ አስነስቶዎት ያውቃል? እኔን ባለፈው እሑድ አስነሣኝ። በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ በሩቅ አገር ጎርፍ ቤታቸውን ለወሰደባቸው ሰዎች እርዳታ ስንሰበስብ፣ አንዲት ሴት ቋጠሮዋን ስትፈታ የተቆላ ገብስ ሸተተኝ። እስክሪብቶዬን ጥዬ ወደ ደጅ ወጣሁ፤ ገባሁ፤ እንደገና ወጣሁ።

መካነ ሰላም በምትባል የደጋ ከተማ ማስተማር የጀመርኩት በዚያ በረሃቡ ዘመን፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። እኛ ዘንድ ገብሱ እንደ ነገሩ ደርሷል፤ በምሥራቅ ቆላው ግን ሰው እያለቀ መሆኑን ከመንገደኛ እንሰማለን። የማርያም ማኅበርተኞች የወሩን ዝክር ትተው እህሉን ለተራቡት ለመላክ ተስማሙ። የዚያ ወር ደጋሽ እማማ ዘነቡ ነበሩ፤ ልጃቸው ከሕመም ቢድን ተስለው የገቡበት ማኅበር ስለሆነ፣ ዝክራቸው ከተራበ ሰው አፍ ሳይደርስ እንዳይቀር ይጨነቃሉ። ሥራውን የማደራጀው ግን እኔ ነኝ።

ደንብ አወጣሁ፤ ሁሉም ጥሬ ገብስ ያመጣል። ዱቄት እርጥበት ይስባል፣ ይሻግታል፤ ጥሬ ግን ይቆያል። ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ጭምር አስረዳሁ። እማማ ዘነቡ ግን ጨው የገባበት አንድ ስልቻ በሶ አዝለው ከች አሉ።

«እማማ፣ ጥሬ ነው የተባለው» አልኳቸው።

«አስተማሪ፣ አንተን ማኅበር ስንጠራህ ጥሬ አቅርበንልህ እናውቃለን?»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የሻገተ ዱቄት የሚያመጣውን ሕመም መዘርዘር ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ሀቂቃ፣ እውነትህን ነው፣ ለጎተራ ከሆነ» አሉና ስልቻቸውን መልሰው አዝለው ሄዱ።

በቅሎ ጭነን ወጣን። አቀስታ ከተማ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን፣ ነፋሱ በሚጋረፍበት ሜዳ ላይ ከቆላ የወጡ ሰዎች አገኘን። አሰለፍኳቸው፤ በጣሳ እየሰፈርኩ ሰጠሁ፤ ሰልፉ እንዴት ያምር ነበር። አንዲት እናት ድርሻዋን በነጠላዋ ተቀብላ ትክ ብላ አየችኝ።

«ወንድሜ፣ በምን ልቁላው?»

ምጣድ የለም። በዚያ ሜዳ ጭራሮ እንኳ የለም። ገብሱን በጥርሷ እየሰበረች ልጇን ታጎርሰው ጀመር፤ ገለባው ጉሮሮውን ያዘውና ልጁ ሳል በሳል ሆነ። ሮጬ አቀስታ ገባሁ፤ ከየቤቱ ምጣድና ማገዶ ለምኜ ስመለስ እናትና ልጅ የሉም። ወዴት እንደሄዱ የነገረኝም የለም።

መካነ ሰላም እንደገባሁ እማማ ዘነቡ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልወቀሱኝም።

«ልጁስ፣ ዋጠ?» ብቻ አሉኝ።

«አላውቅም።»

ምነው በተቆጡኝ ብዬ ተመኘሁ። በሚቀጥለው ጉዞ የተጫነው በሶ ነው፤ ያንን ልጅ ግን በየሰልፉ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም።

ዛሬ እማማ ዘነቡ የሉም፤ ማኅበርተኞቹም አንድ በአንድ አልፈዋል። ዝርዝር የሚያወጣ እንደ እኔ ያለ ሰው ሞልቶናል፤ የተቀባዩ ጉሮሮ ቀድሞ የሚታየው ሰው ግን አጣን። እስቲ እርስዎም ይሞክሩት። ለሩቅ ሰው ከመስጠትዎ በፊት አንድ እፍኝ ጥሬ ገብስ ከነገለባው አፍዎ ውስጥ ይጨምሩ፤ ሳይተፉም ያላምጡት።