ሥዕል የሌለው ኮምፒውተር

ባለቤቴ ዓይኑ መድከሙን ከትምህርት ቤቱ የደበቀ የአማርኛ አስተማሪ ነበር። የምንኖረው ሮቤ ነው። እኔ ጎባ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ስለነበርኩ ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ጊዜው ዩኒቨርሲቲው ሮቤ ላይ በተከፈተ ሰሞን፣ ሞባይል ከነጋዴው እጅ ወደ ተማሪው እጅ መውረድ የጀመረበት ነው። አዲስ አበባ ይዤው ሄጄ የዓይን ሐኪሙ፣ «የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ቢያቆይልዎት ነው» ካለው በኋላ ነገሩን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። የቀረውም ብዙ አልቆየም።

የደበቀው ክፍሉን እንዳይነጥቁት ነው። ከእሱ በፊት አንድ የፊዚክስ አስተማሪ ጆሮው ሲከዳው ንብረት ክፍል አስቀምጠውት፣ ቀኑን ሙሉ ጠመኔና ኳስ እያስረከበ ሲውል አይቷል። «እኔ ጠመኔ ላስረክብ?» ይላል፤ «እኔ?» ትዕቢተኛ ነው። እውነቱን ለመናገር ያገባሁትም አንድም ለዚያ ትዕቢቱ ነው።

ስለዚህ ዘዴ አበጀን። ማታ ማታ የነገውን ትምህርት ከደብተሩ አነብለታለሁ፤ እሱ በቃሉ ይይዛል። ጠዋት መጽሐፍ ሳይገልጥ ያስተምራል፤ ሰሌዳው ላይ በእጁ ልማድ ይጽፋል። ተማሪዎቹ መጽሐፉን ሁሉ ሸምድዶታል እያሉ እንደሚያደንቁት ይነግረኝ ነበር፤ ደረቱን ነፋ አድርጎ። እኔም በልቤ ጎሽ፣ እንዲህ ከቀጠለ ማንም አይነቃበትም እል ነበር።

ዘዴው የፈረሰው ሆስፒታል የሌሊት ተራ ሲወጣብኝ ነው። እኔ ከሌለሁ የሚያነብለት የለም። ጎረቤት እንጥራ ስለው ፊቱን አዞረ። ያን ጊዜ ነው ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠውን ኮምፒውተር ያሰብኩት። ወንድሜ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖ ያመጣልን አሮጌ ዕቃ ነው። ስክሪን ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም እንዳለ ደግሞ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሰምቼ ነበር።

ከግቢያችን የኋላ ክፍል የተከራየ፣ ከወላይታ የመጣ እኩያዬ የሆነ ሰው አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። እሱን ጠየቅኩት። ለምን እንደፈለግኩት ግን አልነገርኩትም። «እንግሊዝኛ ማዳመጥ ልለማመድ ነው» አልኩት፤ ወደ አፌ ቶሎ የመጣልኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ የንባቡን ፕሮግራም ኮምፒውተሩን በሚያስነሣው፣ በነበረው ሲስተም ላይ ጫነልን። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ እስኪጨርስ እኔ ሽንኩርቱን ከትፌ፣ ወጡን ጥጄ፣ አንዳንዴም ወጡ በስሎ ነው። ባለቤቴ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ድምፁ የፊደሉን ስም የሚጠራው እሱ ተስፋ ቆርጦ ሌላውን ከተጫነ በኋላ ነው። በዚያ ላይ መብራት። ሮቤ ላይ በዚያ ሰሞን መብራት ለሰላምታ ብቻ ነበር የሚመጣው፤ ሲስተሙ ተነሣ ስንል ድርግም ይላል፤ ሲመለስ እንደገና ከመጀመሪያው። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን ሣጥኑን በጥፊ ስመታው ባለቤቴ፣ «ሕመምተኞችሽንም እንዲህ ነው የምታክሚያቸው?» አለኝ።

ጎረቤታችን መጥቶ አየው። «ሲስተር፣ ማሽኑ አርጅቷል። ይሄን ሲስተም መሸከም አይችልም፤ ቀለል ያለ እናድርግለት» አለ። ቀላል የሚባሉት ብዙ ዓይነት እንደሆኑ፣ ሁሉም ግን በአንድ መንገድ እንደሚቀሉ አስረዳኝ። የማያስፈልግህን እያወጣህ ትጥላለህ፤ የሚቀረው ይሮጣል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሌሊት መስመሩ ነፃ ሲሆን አውርዶ በሲዲ ገልብጦ አመጣና ጫነልን።

እውነትም ሮጠ። ገና ቁልፉን ተጭኜ ወንበር ሳልስብ ተነሣ። በደስታ ባለቤቴን ጎትቼ አስቀመጥኩት። ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ ጠበቀ፣ ተጫነ፣ ጠበቀ። ምንም ድምፅ የለም። ስፒከሩን ነካካሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። በመጨረሻ ሄጄ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

«ድምፁስ?»

«ድምፁንማ አወጣሁት» አለኝ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው ፈገግ ብሎ። «ከሁሉ የከበደው እሱ ነበር። እንግሊዝኛውን በሬዲዮም ይለማመዱታል ብዬ ነው።»

ምን ልበል? የራሴ ውሸት ዞሮ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። «ለእኔ አይደለም» አልኩት። «ለእሱ ነው። ዓይኑ…» ደክሟል ልል ነበር። «አያይም» አልኩ። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለራሴ እንኳ ብዬው አላውቅም። ሰውየው አዝኖልኛል፤ ከንፈር ባለመምጠጡ ግን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

«ስክሪኑንም አያዩትም?»

«ስክሪኑንም።»

ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው ሲስተር፣ ድምፁን እንመልሰውና ሥዕሉን እናውጣው» አለኝ።

ሥዕል የሚለው በስክሪን ላይ የምናየውን ሁሉ ነው፤ መስኮቶቹን፣ ቀለሙን፣ ምልክቶቹን፣ ማውሱንም ጭምር። እነዚህ ሁሉ የሌሉት ሲስተም አለ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ፣ ከድምፅ ጋር። ለዚያች አሮጌ ማሽን ልክ ነው። ችግሩ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የአማርኛ ፊደል አይወጣም፤ ድምፁም አማርኛ ማንበብ አያውቅም። የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ፊደል ብቻ ነው። አማርኛውን እንደ ሞባይል መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ግድ ይላል። ዲስኩ ጠባብ ስለሆነ አዲሱ ሲገባ የነበረው በሙሉ ፎርማት ተደርጎ ይጠፋል፤ አማርኛ የምጽፍበት ፕሮግራምም አብሮ ይሄዳል።

ወደ ቤት ተመለስኩ። ባለቤቴን አውቀዋለሁ። አማርኛን በሞባይል አጻጻፍ ጽፎ የመጣ ተማሪ ድርሰቱን በሙሉ እንደገና ይጽፋል፤ ያለ ርኅራኄ። አሁን ያንኑ ለራስህ አድርግ ልለው ነው። ምስጢሩን ማውጣቴንም መናገር አለብኝ።

«ለሰው ነገርሽ» አለኝ።

«ነገርኩ።»

«ለስንት ሰው?»

«ለአንድ። ለሌላ አይናገርም።»

ተናደደ። ሲናደድ አይጮህም፤ የሸሚዙን እጅጌ ያጥፋል ይዘረጋል። እኔም ተናደድኩ። ሥዕሉ አይውጣ፣ ቀስ ብለን ሌላ ማሽን እንፈልጋለን፣ እስከዚያ የሌሊት ተራዬን እንዲቀይሩልኝ እለምናለሁ እያልኩ ለፈለፍኩ። ለፍልፌ ስጨርስ፣ «ሥዕሉን ለማን ብለን ነው የምንይዘው?» አለኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ለእኔ ነበር። ያ ሥዕል እስከበራ ድረስ ከደጅ ለሚገባ ሰው ኮምፒውተር የሚያይ ባል አለኝ። ጥቁር ስክሪን ፊት ከተቀመጠ ግን ነገሩ ያለቀ መሰለኝ፣ ፈራሁ።

«ፊደሉን አውቀዋለሁ» አለ። «ከእኔ ጭንቅላት ማንም ፎርማት አያደርገውም። የማላውቀው አንቺ በሌለሽበት ጊዜ ደብተሬ ምን እንደሚል ነው። ድምፁን ያዢልኝ።»

ቅዳሜ ተጫነ። ደብተሩን በሞባይል አጻጻፍ እየገለበጥኩ አስገባሁለት። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ፈረንጅ ነው፤ ጠን ከተ፣ ቀን ከከ አይለይም። ባለቤቴ የሚወዳቸው ግጥሞች በዚያ አፍ ሲነበቡ ጥርሱን ነክሶ ያዳምጣል። «ይሄ ሰውዬ አማርኛ ቢፈተን በዜሮ ነው የምጥለው» ይለኛል። አንድ ማታ ለጨዋታ ብዬ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ የኦሮምኛ ሰላምታ ጻፍኩለት። ፈረንጁ ከአማርኛው በጣም አሻሽሎ አነበበው። እኔ ጎባ ተወልጄ በሁለቱም ቋንቋ ያደግኩ ነኝ፤ እሱ ግን ሮቤ ላይ ይህን ያህል ዘመን ኖሮ ከ«አካም ጅርታ» ሰላምታ አላለፈም። «የእኔን ቋንቋ ብታስተምር ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ የት ይመጣ ነበር?» አልኩት። «ጡረታ ስወጣ» አለኝ።

ሌሊት ተረኛ ስሆን ከጎባ እደውላለሁ። ከጀርባው ያ የታፈነ ድምፅ ይሰማኛል። «ጠብቂኝ፣ ላስቁመው» ይላል፣ ሥራ እንደበዛበት ሰው። መብራት ቢሄድም ችግር የለም፤ ሲመለስ ወዲያው ይነሣል። ደስ ይለኝ ነበር። ትንሽም ቀናሁ፤ ማታ ማታ ማንበብ ካቆምኩ ወዲህ የምንጫወተው አንሶ ነበር።

የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ ፈተና ሰጠ። ጥያቄዎቹን ከማሽኑ ሰምቶ በቃሉ ይዞ ሄዶ ለክፍሉ አነበበላቸው፤ ማለት ያነበበ መሰለ፣ ወረቀት በእጁ ይዞ። የተማሪን የእጅ ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ስለማያነብ እርማቱ የእኔ ሥራ ነው። በእረፍቴ ቀን ወረቀቶቹን በክንዱ አቅፎ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «በይ ጀምሪ» አለኝ።

የመጀመሪያውን ወረቀት አነሣሁ። ፊደሉ የአውራ ጣት ያህላል። ሰነፍ ተማሪ ነው፣ ገጽ ለመሙላት ነው ብዬ ሁለተኛውን አነሣሁ። እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ገለጥኩ፤ ሁሉም። አንዲት ተማሪ እያንዳንዱን ፊደል በእስክሪብቶ ደጋግማ አድምቃዋለች፤ ሌላው ወረቀቱ አልበቃ ብሎት ተጨማሪ ወረቀት ቀጥሎ በክር ሰፍቶታል።

«ምነው ዝም አልሽ? አበላሽተውታል?»

«ትልልቅ አድርገው ነው የጻፉት» አልኩት።

«ማን?»

«ሁሉም።»

አልገባውም። ቀጥሎ ገባው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ይህን ሁሉ ጊዜ እኛ በር ዘግተን ስንመካከር እነሱ ያውቁ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ለርእሰ መምህሩ የነገረ ቢኖር ባለቤቴ እስካሁን ክፍል ውስጥ አይኖርም ነበር።

«ምን ያህል ትልቅ?» አለ።

ጣቱን ይዤ ተማሪዋ ያደመቀችው ፊደል ላይ አስኬድኩት። እስክሪብቶው ወረቀቱን ወጋ ወጋ አድርጎት ስለነበር መስመሩን ተከትሎ ሄደ፤ እስከ ጫፉ ሄዶ ተመለሰ።

«ነገ ምን ትላቸዋለህ?»

«በደንብ አየሁት እላቸዋለሁ» አለ። «ጽሑፋችሁ አምሯል እላለሁ።»

ከዚያ አንብቢ አለኝ፤ አንድም ሳታስቀሪ፣ ሁሉንም። የመጀመሪያውን ወረቀት መልሼ አነሣሁ። ፊደሉ በጣም ትልቅ ስለነበረ እያለቀስኩም ማንበብ አላቃተኝም።