ምንም አላለም

አድሚራሉ ሠላሳ ስምንት ዓመት በባሕር ኃይል አገልግለው ጡረታ ከወጡ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላቸው ትምህርት ቤታችን መጡ። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው «የሂሳብ አስተማሪ ጎድሎባችኋል ሲሉ ሰማሁ» አሉ። ርእሰ መምህሩ ደንግጠው ወንበራቸውን ሊለቁላቸው ተነሡ። ጣሪያው የሚያፈስ፣ የተሰበረው መስኮት በካርቶን የተደፈነ ትምህርት ቤት ነበር። ከተማው ውስጥ የተሻሉ አራት ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ለምን የእኛን እንደመረጡ ግን ያኔ የጠየቀ የለም።

ባለቤታቸው አልወደዱላቸውም። «ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ወሰደብኝ፤ አሁን ደግሞ ጠመኔ ይውሰደው?» እያሉ ለጎረቤት ያማርሩ ነበር። አድሚራሉ ግን ሸሚዛቸውን ራሳቸው ተኩሰው፣ ጫማቸውን ራሳቸው ጠርገው ይወጣሉ። የልብስ ሰፊ ልጅ ናቸው። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ተቀጥረው፣ የመርከብ ወለል ከመወልወል ተነሥተው ነው እዚያ ማዕረግ የደረሱት።

ሰሌዳው ፊት አንድ ቦታ ከቆሙ ደወል እስኪደወል ስለማይነቃነቁ «መልህቅ» አልናቸው። አንድ ሕግ ነበራቸው። መርከብ ላይ ትእዛዝ የተቀበለ ሰው ከመፈጸሙ በፊት የሰማውን ቃል ጮክ ብሎ ይደግማል፤ ካልደገመ እንዳልሰማ ይቆጠራል። ይህንኑ ክፍል ውስጥ አመጡት። የተጠየቀ ተማሪ መጀመሪያ ጥያቄውን ይደግማል፤ መልሱ ከዚያ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ አንዴ ልውጣ?» ይላል አንዱ።

«ውጣና ቶሎ ተመለስ።»

ልጁ መሮጥ ሲጀምር ክፍሉ በሙሉ «ድገመው እንጂ! ሳትደግም ከሄድክ ሽንት ቤቱ አይቀበልህም» ይለዋል። መልህቅም ይስቃሉ።

ሕጉን እንደ ቀልድ ያልያዘችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ቀጭንና ቀጥ ያለች ስለሆነች «ማስመሪያ» እንላታለን። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት። አባቷ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር፤ የመርከብን አቅጣጫ በካርታ የሚከታተል። እሷ የአንድ ዓመት ሕፃን ሳለች መርከቡ ወደቡ መግቢያ ላይ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሰጠመ። አሥራ አንድ ሰው ሞተ፤ አባቷም አብሮ ሞተ። የምርመራ ቦርዱ ጥፋቱ የእሱ ነው ብሎ ወሰነ፤ ከፊት ድንጋይ እንዳለ አዛዡን አላስጠነቀቀም ተባለ። ሰፈራችን ውስጥ ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» እያለ ይወቅሰዋል።

የዚያ መርከብ አዛዥ መልህቅ ነበሩ። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ነው ያደነቃቸው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ማስመሪያን ለብቻዋ አስቀምጠው ሲያስተምሯት እያየ «እንዲህ ያለ ልብ! የሟቹን ጥፋት ረስተው ልጅቷን እንደ ልጃቸው» ይላል። አንድ ቀን ጠዋት እናቷ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ጌታዬ፣ የእሱን በደል በልጄ ላይ ስላላሰቡብኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለችና እጅ ነሣች።

አድሚራሉ ከበሩ ዞረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የዚያን ቀን ክፍል አልገቡም። በአራት ዓመት ውስጥ የቀሩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማስመሪያ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተፈትና አንደኛ ወጣች። ለቃለ መጠይቅ ጠሯት፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ አንቀበልሽም የሚል ወረቀት ላኩላት። በአባትሽ ጥፋት የሞቱት ሰዎች ቤተሰቦች ዛሬም አሉና የእጩ መኮንንነት ልብስ ልናለብስሽ ያስቸግረናል ይላል። ወረቀቱን ይዛ ባዶው ክፍል ውስጥ ደብተር የሚያርሙት አስተማሪዋ ዘንድ ሄደች። የሆነውን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ከእሷው አፍ ነው።

«እርስዎ አንድ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ የእርስዎን ቃል አይጥሉም» አለቻቸው።

ቃላቸው እንደማይጣል እሳቸውም ያውቁ ነበር። ብዕራቸውን አነሡ። «የአባቷ ጥፋት» ብለው ጻፉ። ቀጥሎ «እሷን ሊጎዳት አይገባም» ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው። ያንን ቢጨርሱ ልጅቷ ትገባለች፤ እሳቸውም እንደተከበሩ ይኖራሉ። ሁለቱን ቃል ረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና ብዕሩን አስቀመጡት።

«ተቀመጪ ልጄ። አባትሽ ተናግሮ ነበር። ጉም ነው፣ ያለንበትን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ፍጥነት ይቀንሱ ብሎኝ ነበር። ሁለት ጊዜ። ወደብ ላይ ባለሥልጣኖች ተሰልፈው ይጠብቁን ነበር፤ አርፍጄ መግባት አልፈለግሁም። በኋላ ቦርዱ መኮንኑ ምን አለህ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ምንም አላለም አልኩ።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። አራት ዓመት የለመደ አፍ ነው፣ ደገመችው።

«አባቴ ሁለት ጊዜ ተናግሮ ነበር። እርስዎ ምንም አላለም አሉ።»

«አዎ።»

«ሌላ የሰማ አልነበረም?»

«መሪ የያዘው መርከበኛ ሰምቷል። እሱም ሞተ። የሰማ ሰው አልተረፈም።»

«እርስዎ ተርፈዋል» አለች።

ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ይህንኑ ይጻፉ» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ አላናገረቻቸውም።

ጻፉ፤ ስድስት ገጽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይኼኛው አሥራ ሰባት ዓመት አደረ። የባሕር ኃይሉ አዲስ ቦርድ አቁሞ የአባቷን ስም አጸዳ። ልጅቷ በዓመቱ ኮሌጅ ገባች። አድሚራሉ ማዕረጋቸውን ተገፈፉ። ርእሰ መምህሩም «ወላጆች እያጉረመረሙ ነው» ብለው በትሕትና አሰናበቷቸው። ባለቤታቸው ከቤት መውጣት አቆሙ፤ ባላቸውን ግን አልወቀሱም። «ቀድሞ ባውቀው ኖሮ ይሻል ነበር» ብቻ አሉ።

ከመሞታቸው ሁለት ዓመት በፊት ነው፣ አድሚራሉ አንድ እሑድ ጠዋት እናትየው ቤት ሄደው አንኳኩ። ከፈተችላቸው፤ ግቡ ግን አላለችም። እጇ ከሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበር።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ለእርስዎማ ምን እላለሁ» አለች። «እኔ ራሴ ስሰድበው ኖሬያለሁ። ልጄ አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር ስትለኝ፣ ግድየለሽ ነበር አልኳት። ምድጃ ጠፍቶ እንደሆነ ከአልጋ ተነሥቶ የሚያይ ሰው ነበር እኮ። አብሬው ኖሬ እያወቅሁት፣ የእርስዎን ቃል አመንኩ። የእኔን ይቅርታ ከማን ልጠይቅ?»

አድሚራሉ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆሙ። እሷ በሩን ገፋ አደረገችው፤ ሳትዘጋው መልሳ ከፈተችው።

«ሁለተኛውን ጊዜ ሲናገር» አለች፣ «ጮኾ ነው?»

«አልጮኸም። ቀስ ብሎ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ መሪ የያዘው መርከበኛ ፊት እንዳላፍር።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች።

«እሱ ነው» አለች፤ በሩንም ዘጋችው።