የሰኞ ውሃ

የሐይቅ ዳሩ ሆቴል ሠራተኞች «እመት አንሶላ» ይሏታል። ስሙ ለቀልድ ነበር የወጣላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእንግዳ አልጋ ስታነጥፍ፣ የአንሶላ እጥበት ስታስተባብር ግን ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ። እሷም አትቀየምም። «አንሶላ ባይኖር ይሄ ሁሉ ሽርሽረኛ ምን ላይ ሊተኛ ኖሯል?» ትላለች።

የሆቴሉ ሕግ ጥብቅ ነው፤ ሠራተኛ በእንግዳ አልጋ ላይ አይቀመጥም። የጫማ ክር ለማሰርም ቢሆን፣ ወገብ ለማሳረፍም ቢሆን አይቀመጥም። እሷ በሩን ታንኳኳለች፤ ውስጥ የሚንፈላሰሰው እንግዳ «ሰው አለ!» ይላል፤ እሷም ጋሪዋን እየገፋች ወደሚቀጥለው በር ታልፋለች። ኑሮዋ ይኸው ነበር። በኋላ ጉልበቷ እምቢ አላት። ደረጃ ስትወጣ ቀጭ ይላል፣ ስትወርድማ አይጣል ነው። ሐኪሙ «ሥራ ቀይሪ» ብሎ አሰናበታት። ሥራ እንደ ካልሲ የሚቀየር መስሎት!

እሷ ግን ሐሳብ ነበራት። ከሐይቁ በላይ ኮረብታው ላይ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ሊሸጥ ነው። ከበረንዳው ላይ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። ገዝታ ለጎብኚ ብታከራየው፣ ጉልበቷ ቢከዳት እንኳ ኑሮዋ አይከዳትም። ዕድሜዋን ሙሉ ያጠራቀመችው ግን ለአንድ ቤት ብቻ ነው የሚበቃው፤ ከተሳሳተች ሁለተኛ ዕድል የለም። ይህን ደግሞ ታላቅ ወንድሟ በየቀኑ ያስታውሳታል። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እሱ መሪ ያልጨበጠበት ነገር ሁሉ ገደል የሚገባ ይመስለዋል።

«የሰው አልጋ ስታነጥፊ ኖረሽ ዛሬ ባለ እንግዳ ማረፊያ ልትሆኚ?»

«ጋሼ፣ አልጋ ማንጠፍ የማያውቅ ባለ ሆቴል ስንት አይቻለሁ።»

ቤቱን የሚያሻሽጠውን ደላላ ሰፈሩ ሁሉ «ቶሎ በሉ» ብሎ ነው የሚጠራው። ምላሱ ቅቤ ነው። ቤቱን ሁለት ጊዜ አሳያት፤ ሁለቱንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ቧንቧውን ይከፍተዋል፣ ውሃው ይንዶለዶላል፣ እሱ ደግሞ ምንጩን ራሱ ያፈለቀው ይመስል ደረቱን ይነፋል።

«እናቴ፣ ቶሎ በይ! ሌላ ገዢ አለ፤ ነገ ቀብድ ሊያስይዝ ነው!»

በሁለተኛው ቅዳሜ የመታጠቢያ ቤቱን በር መለስ አድርጋ ከኋላው ያለውን አየች። ሌላው ሰው ከበር ኋላ አያይም፤ ክፍል ስታጸዳ የኖረች ሴት ግን መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ስድስት ጄሪካኖች እስከ አፋቸው ተሞልተው ተደርድረዋል።

«ውሃው እንዲህ እየወረደ ይሄ ሁሉ ጄሪካን ምን ያደርጋል?»

ደላላው ምራቁን ዋጠ። «ለ... ለአበባ ነው!»

ግቢው ውስጥ አበባ ቀርቶ ሣር የለም። ወይ ጉድ፣ ሰው ሲዋሽ እንኳ ዞር ብሎ ግቢውን አያይም? እመት አንሶላን ነገሩ ከነከናት። እሁድ እንግዳ ይሄዳል። ሰኞ ረፋድ ላይ የሐይቁ ዳር ሆቴል ሁሉ አንሶላ ያጥባል። የእሷ ሆቴል ብቻውን ሁለት መቶ አንሶላ ያወጣል። ያኔ እዚያው ታች እንኳ ቧንቧው ይቀጥናል። ታዲያ ኮረብታው ላይ ምን ሊተርፍ ነው?

«ሰኞ አራት ሰዓት ላይ መጥቼ አየዋለሁ» አለችው።

«ሰኞማ አይሆንም! የቤቱ ባለቤት ሰኞ ሰኞ... አይኖሩም!»

ቤት ስትደርስ ወንድሟ ጠበቃት። «ወይ ግዢው፣ ወይ ተዪውና እንረፍ! ሰው እኮ ይቀድምሻል!» ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰኞን እጥበት ለሌላ ሰጥታ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ኮረብታውን ወጣች። ሦስት ቦታ ቆማ ጉልበቷን አሸች። በሩን የከፈቱላት የቤቱ ባለቤት ራሳቸው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ፣ በአንድ እጃቸው ጄሪካን አንጠልጥለዋል።

«እትዬ፣ ቤቱን ልይ ብዬ ነበር።»

«ዛሬ? ደላላው ሰኞ ሰው አላመጣም ብሎኝ አልነበር?»

እመት አንሶላ በቀጥታ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ቧንቧው አንዴ ሳለ፣ አንዴ አፏጨ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ጠርጥራ ነው የመጣችው፤ ቢሆንም ክው አለች። ያን በረንዳ በልቧ ስንት ጊዜ ጠርጋው ነበር! እንባዋ መጣ።

ሴትዮዋ አፈሩ። «አልዋሽሽም ልጄ፣ ሰኞ ሰኞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ የለም። እነዚያ ታች ያሉት አንሶላ አጣቢዎች ናቸው የሚጨርሱት። እዚህ በረንዳ ላይ ቆሜ ‹እጃችሁ ይሰበር› እያልኩ ስንት ዓመት ረገምኳቸው መሰለሽ!»

እመት አንሶላ እጆቿን ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው። «እጄስ ደህና ነው እትዬ። እርግማንዎ ያረፈው ጉልበቴ ላይ ነው።»

አሮጊቷ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ዓይናቸው የሥራ ልብሷ ላይ አረፈ። «አንቺ ነሽ እንዴ!» አሉና አፋቸውን ያዙ። ሳቁ አስቀድሞ ያመለጣት እሷን ነው፤ እሳቸውም ተከተሉ። ሁለቱም ግድግዳ ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ፤ ያቺ የቀረችው የጄሪካን ውሃም ወለሉ ላይ ተደፋች።

ከዚያ በኋላማ ምን የሚደበቅ ነገር አለ? በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሯት። ጣሪያው አይፈስም፣ ግድግዳው ደህና ነው፣ ሌላ ገዢ የሚባለውም የለም። «ካንቺ በቀር ይህን በር ያንኳኳ ሰው የለም ልጄ» አሏት።

ወንድሟ ሲሰማ ደስ አለው። «እሰይ፣ ተገላገልሽ!»

«እገዛዋለሁ።»

«አበድሽ? ውሃ የሌለው ቤት!»

«ጋሼ፣ ሌላው ሰው የቤቱን ጉድለት የሚያየው ከገዛ በኋላ ነው። እኔ የዚህን ቤት ጉድለት ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ አውቀዋለሁ። ጣሪያው ላይ ታንከር ይወጣል፤ ቅዳሜ ይሞላል፤ ሰኞን ያሻግረኛል።»

«ታንከሩን ማን ሊገዛው?»

«አበባ የሚያጠጣው ሰውዬ።»

ደላላው ማለ፣ ተገዘተ፣ ልጆቹን ጠራ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ታንከሩ ከኮሚሽኑ ተገዝቶ ጣሪያ ላይ ካልወጣ ፊርማ የለም፤ አለዚያ የሰኞውን ነገር ለሚመጣ ገዢ ሁሉ ትናገራለች። አሮጊቷም ከእሷ ጋር ወገኑ። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ከኋላው «አንተ ደግሞ ቶሎ በል!» አለችው። በሁለተኛው ሳምንት ጥቁሩ ታንከር ጣሪያው ላይ ጉብ አለ።

በፊርማው ዕለት አሮጊቷ ዝቅ ብለው ጉልበቷን ዳበስ አደረጉት። «እርግማኔን አንስቻለሁ፤ ይማርሽ» አሉ። ወደ ልጃቸው ቤት ሲሄዱም ስድስቱን ጄሪካኖች ተዉላት፤ ለአበባ።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች የመጡት ሰኞ ቀን ነው፤ ዕድል እንዲህ ይቀልዳል። ወንድሟ ሊቀበላቸው ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደ። እመት አንሶላ ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃው ወረደ። በመስኮት ወደ ታች ስታይ የድሮ ባልደረቦቿ አንሶላ እያሰጡ ነው። አልጋውን አነጠፈች፤ አራቱንም ማዕዘን እንደ ፖስታ አጠፈች። ከዚያ ቆማ አየችው። እንደ ልማዷ ወደ በሩም ዞር ብላ አየች። ማንም የለም።

ጫማዋን አወለቀችና ተጋደመች። አንሶላው ቀዝቀዝ ይላል። ጉልበቷ ቀስ እያለ ተፈታ። ለካ ሰው እንዲህ ነው የሚተኛው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታነጥፈው ኖራ አንድ ቀን እንኳ አልቀመሰችውም።

በሩ ተንኳኳ። ወንድሟ ነው፤ ድምፁ ይጣደፋል። «እንግዶቹ ግቢ ገብተዋል! ክፍሉ ዝግጁ ነው?»

እሷ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም።

«ሰው አለ!» አለች።