በላይ በኩል ያለፉ ሰዎች

እትዬ ተናኜ ያን ሳምንት ያለቀሰችው ለማን ነበር? ራሴን ደጋግሜ ጠይቄአለሁ። እሷኑ መጠየቅ እችል ነበር፤ አንድ ፎቅ ወጥቼ በሯን ማንኳኳት ብቻ ነው። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት ለፊት አይጠየቅም።

የምትኖረው ሮመን በሚባለው የኦስሎ ሰፈር፣ ከእኛ ቤት በላይ ነው፤ ብቻዋን። የደሴ ልጅ ናት። በሱዳን በኩል ኦስሎ ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ አገር ቤት የቀሯት እናቷና አንድ ታናሽ ወንድሟ ብቻ ናቸው።

ሥራዋ ከተማው መሀል፣ ከመሬት በታች ባለው ባቡር ጣቢያ ጽዳት ነበር። ኖርዌጂያኖቹ ናሾናልቴአትረት ይሉታል፤ የእኛ ሰዎች «ብሔራዊ» ብለው አሳጥረውታል፤ «ብሔራዊ ጋ እንገናኝ» ሲባባሉ የሰማ አዲስ አበባ ያሉ ይመስለዋል። ይህ ጣቢያ የሁለት ድርጅት ነው። በአንድ ወገን የከተማው ባቡር፣ ቴባነው፣ ይቆማል፤ በሌላው ወገን ወደ ሩቅ የሚሄደው ቶግ። ሁለቱን የሚያገናኝ ረጅም መተላለፊያ አለ፤ መሀሉ ላይ የወለሉ ቀለም ይለወጣል። እስከዚያ የአንዱ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የሌላው። የቴባነውን ወገን ተናኜ ታጸዳለች፤ የቶጉን ወገን ሲቫ የሚባል ስሪላንካዊ።

ቡና ድንበሩ ላይ ከፈሰሰ ሁለቱም መወልወያቸውን ተደግፈው ይቆማሉ።

«ያንተ ነው» ትለዋለች።

«ኔይ፣ ኔይ። ወዳንቺ ነው የፈሰሰው።»

በመጨረሻ አብረው ያነሡታል። ኖርስኩን፣ የአገሩን ቋንቋ፣ ሁለቱም እኩል ስለሚሰባብሩት በደንብ ይግባባሉ።

ከሮመንና ከስቶቭነር በቴባነ የሚመጣው ሐበሻ እዚያ ወርዶ፣ በመተላለፊያው አቋርጦ፣ ቶግ ይይዛል፤ ከከተማ ውጭ ባሉት የአረጋውያን መጦሪያዎች ብዙዎቹ ይሠራሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ተናኜን ሳይስም የሚያልፍ አልነበረም። እሷም ሰላምታ ላይ ቀልድ አታውቅም። የልጁን ጉንፋን፣ የጉልበቱን ሕመም፣ አገር ቤት የተወውን ሰው፣ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ቶግ ያመለጠው ሰው «ተናኜ ይዛኝ ነው» ካለ ማንም አይገረምም።

በ1989 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ሰኞ ማታ፣ ከደሴ ስልክ ተደወለ። የተደወለው ለእሷ አይደለም፤ ለጋሼ ይመር ነው። ጋሼ ይመር የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው። እንዲህ ያለው ወሬ ለባለ ሐዘኗ በስልክ አይነገርም፤ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በሯ ላይ ደርሶ፣ ከግራና ከቀኝ ደግፎ ነው የሚነግራት። ሁሉም ሰው ከሥራ የሚያርፈው ቅዳሜ ስለሆነ መርዶው ለቅዳሜ ተቀጠረ። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባለ። እናቴ ቆንጂት የዚያን ማታ ጋሼ ይመርን አነጋግራ ስልኩን ዘግታ ፊቷን ታጥባ መጣች። ማን እንደ ሞተ ለእኔም አልነገረችኝም።

ችግሩ መተላለፊያው ነበር። ተናኜ «አገር ቤት ደህና ናቸው ወይ?» ስትል ፊቱ የማይለወጥ ማን አለ? ማንም ከማንም ሳይመካከር ሁሉም አንድ ዓይነት መላ ዘየደ። ከቴባነው ይወርድና መተላለፊያውን ትቶ በደረጃ ወደ መንገድ ይወጣል፤ በዚያ ዝናብ አደባባዩን ዞሮ፣ በሌላኛው ደረጃ ወደ ቶጉ ይወርዳል።

ረቡዕ ጠዋት እናቴ ልትሾልክ ስትል ተያዘች።

«አንቺ ቆንጂት! ወዴት ነው ወደ ላይ?»

እናቴ አንድ እግሯ ደረጃው ላይ ነበር። «እ... ቦለር ልገዛ ነው፤ እላይ ኪዮስኩ ጋ።»

«ቦለር? ያን ቅቤ የጠጣ ዳቦ? ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!»

«ውይ! ረሳሁት።»

«ቆንጂት ጾም ረሳች! ቆይ፣ ለቄሱ ባልነግርብሽ!» ብላ ተናኜ ሳቀች።

እናቴም አብራት ሳቀች። እንደዚያ የከበዳት ሳቅ በዕድሜዋ እንደሌለ ነግራኛለች።

«ምነው ዓይንሽ ቀላ?»

«ነፋሱ ነው። ቶጉ ሊያመልጠኝ ነው፣ ቻው!» ብላ ወደ ዝናቡ ወጣች።

በማግስቱ ሲቫ ከወዲያ ማዶ መወልወያውን እየጎተተ ወደ ድንበሩ መጣ።

«ከሰዎችሽ ጋር ተጣልተሻል?»

«ምን አልክ?»

«ሁሉም በእኔ ደረጃ ነው የሚወርዱት። ጃንጥላቸው ይንጠባጠባል፤ ወለሌን በጭቃ ጨረሱት። እዚህ ደረቅ መንገድ እያለ!»

«ሁሉም?»

«ያ፣ አዎ፣ ሁሉም። ያቺ ቀይ ኮት ያላት ጓደኛሽ ደግሞ እያለቀሰች ነው የምትወርደው።»

ቀይ ኮት ያላት እናቴ ናት። ተናኜ «አልተጣላንም» አለችው። ከዚያ ባልዲዋን አንሥታ ድንበሩን ተሻገረች፤ የእሱን ደረጃ ከላይ እስከ ታች ወለወለች። ተይ ቢላት «ያቆሸሹት የእኔ ሰዎች ናቸው» አለችው።

ማን እንደ ሞተ አልተጠራጠረችም። እናቷ አርጅተዋል፤ በክረምቱ ታመው ተነሥተዋል። ለጋሼ ይመር ደውላ መጠየቅ ትችል ነበር፤ አልደወለችም። እንደሚመስለኝ ሰዎቹ ለእሷ ብለው በዝናብ ሲዞሩ መሰንበታቸውን ከንቱ ማድረግ አልፈለገችም።

ያን ሌሊትና የሚቀጥለውን እግሯ ከጣሪያችን በላይ አላረፈም። ከመኝታ ቤት ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ መስኮት። አንዳንዴ ይቆምና ትራስ ውስጥ እንደሚጮህ ሰው ያለ ድምፅ ይመጣል። መጽሐፌን አጥፌ እሰማለሁ። እናቴም ነቅታለች።

«አውቃለች» አለችኝ።

«ታዲያ ንገሯት!»

«ለብቻዋ? አይደረግም።»

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ደረጃውን ወጣን። ጋሼ ይመር ከፊት፣ የሚይዟት ሴቶች ከኋላቸው። ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሡ በሩ አለመቆለፉን አዩ። ውስጥ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል፤ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ብርጭቆዎች ታጥበው ተደርድረዋል። ተናኜ ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ መሀል ላይ ቆማለች። ለአለቃዋም እንደማትመጣ አስቀድማ ነግራዋለች።

«ግቡ» አለች። «በዝናብ ስትዞሩ ሰነበታችሁ።»

ጋሼ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ተናኜ፣ እንግዲህ ሰው ሆኖ የተፈጠረ...»

«አይድከሙ ጋሼ፣ አውቄያለሁ። እናቴን ብቻዬን አልቅሼላታለሁ። ዕድሜ ጠግባ ነው የሄደችው። የት እንደ ተቀበረች ብቻ ይንገሩኝ።»

እናቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እናትሽ ደህና ናቸው» አሉ ጋሼ ይመር።

ያን ጊዜ የተናኜ ፊት በራ። ለአንድ አፍታ ነው፤ ግን ሁላችንም አየነው።

«ደህና ናት? እናቴ?»

«ደህና ናቸው። በየነ ነው፣ ልጄ። መኪና ተገልብጦ።»

በየነ ታናሽ ወንድሟ ነው። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሐይቅ ከተማ አስተማሪ ሆኖ ነበር፤ ገና አላገባም። ሊይዟት የመጡት ሴቶች እጃቸውን ሳይዘረጉ ተናኜ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አላሰብኩትም» አለች። «ይህን ሁሉ ሳለቅስ እሱን አንድም ጊዜ አላሰብኩትም።»

ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደረቷን እየደቃች «ደስ አለኝ እኮ! አይታችሁኛል፣ ደስ አለኝ!» ትል ነበር። እናቴ እጇን ይዛ «ለእናትሽ ነው፣ ለእናትሽ ነው» ብትላትም አልሰማቻትም።

ረፋዱ ላይ ሲቫ ከአለቃዋ ሰምቶ ሙዝ በፌስታል ይዞ መጣ። ጫማውን አውልቆ ከወንዶቹ ጎን መሬት ተቀመጠ። የደረጃውን ነገር የነገረን እሱ ነው፤ ሲነግረን ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ደሴ ስልኩ የገባው ከሰዓት በኋላ ነበር። የእናቷ ድምፅ ከጆሮ ማዳመጫው አልፎ ለሁላችንም ይሰማል።

«ተናኜ፣ ነገሩሽ?»

«ነገሩኝ፣ እማዬ።»

«ማን አለ አጠገብሽ?»

«ቤቱ ሙሉ ነው።»

«ተመስገን። ብቻዋን ትሰማለች ብዬ ነበር የፈራሁት።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ አንቺን ነበር...» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም።

ከወዲያም ለጥቂት ጊዜ ለቅሶ ብቻ ተሰማ። ቀጥሎ፣ «ተኝተሻል? እንቅልፍ አግኝተሻል?» አሏት።

«አላገኘሁም።»

«በይ ተኚ። እኔ አለሁ።»

ተናኜ ስልኩን ለእናቴ ሰጥታ በተቀመጠው ሰው መሀል ፍራሹ ላይ ጋደም አለች። እናቴ ነጠላዋን አለበሰቻት። ጋሼ ይመር ወንዶቹን ዝም እንዲሉ በእጃቸው ጠቀሱ። ውጭው መጨለም ሲጀምር፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ተናኜ ተኛች።